ከመሣሪያው አስቀድሞ ዕውቀቱ፤ የተራራና የበረሃ ተጓዦች ዝግጅት ምን መምሰል ይኖርበታል?

ተራራ መውጣት፣ ደን ማቋረጥና በበረሃ መጓዝ ለአገራችን ሕዝቦች አዲስ ነገር አይደለም። ነጋዴው ከገበያ ገበያ፣ አርብቶ አደሩ ከግጦሽ ግጦሽ፣ ምዕመኑ ከደብር ደብር ሲንቀሳቀስ የኖረው በእግሩ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በተለይ የከተማ ወጣቶች የዕረፍት ቀናታቸውን በእንጦጦ፣ በየረር፣ በመናገሻ ሱባና በወንጪ በእግር በመጓዝ ማሳለፍን እያዘወተሩ መጥተዋል። ረዘም ያለ ጊዜና የተሻለ አቅም ያላቸውም የሰሜንና የባሌ ተራሮችን ወይም የደናክልን ዝቅተኛ ሥፍራ የማየት ጉጉት አላቸው።

ጉዞው እየተለመደ በሄደ መጠን ተጓዡ የሚይዘው መሣሪያም በዓይነትና በብዛት ጨምሯል። ካርታ የሚያሳይ የእጅ ስልክ፣ ከፍታና የልብ ምት የሚለካ ሰዓት፣ የግንባር መብራት፣ ተንቀሳቃሽ የውኃ ማጣሪያና ፓወር ባንክ በብዙዎች ቦርሳ ውስጥ ይገኛሉ። የእነዚህ መሣሪያዎች ጠቀሜታ የሚካድ አይደለም። ሆኖም መሣሪያው ቢጠፋ፣ ቢሰበር ወይም ባትሪው ቢያልቅ ተጓዡ በሰላም የሚመለስበት ዕውቀት አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስልም። አበው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" እንዲሉ፣ በዚህ ጉዳይም ቅደም ተከተሉን መጠበቅ የሕይወት ጉዳይ ነው።

መሣሪያው የሚያውቀውና የማያውቀው

በተለምዶ ጂፒኤስ ተብሎ የሚጠራው የአቅጣጫ መጠቆሚያ ሥርዓት በአሜሪካ የተዘረጋ ሲሆን፣ ሙሉ አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ በ1995 ነው። ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚሰጠው መረጃ ሆን ተብሎ ትክክለኛነቱ እንዲቀነስ ይደረግ የነበረበት አሠራር እ.ኤ.አ በግንቦት ወር 2000 ከተቋረጠ በኋላ ደግሞ መሣሪያው አንድ ሰው የቆመበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ለማወቅ አስችሏል።

ስልኩ ይህን የሚያደርገው ከበርካታ ሳተላይቶች የሚላኩ ምልክቶችን ተቀብሎ፣ ምልክቶቹ የወሰዱትን ጊዜ በማስላት ነው። ለዚህ የስልክ ኔትወርክ አያስፈልገውም። ካርታውን ከኢንተርኔት ለማውረድ ግን ኔትወርክ ያስፈልጋል። በመሆኑም ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ ያላስቀመጠ ተጓዥ ኔትወርክ በሌለበት ሥፍራ የሚያየው በባዶ ገጽ ላይ የምትታይ አንዲት ነጥብ ብቻ ይሆናል። በጥልቅ ሸለቆና በገደል ሥርም ምልክቱ በቋጥኝ ስለሚጋረድ ወይም ተንጸባርቆ ስለሚደርስ ነጥቧ ከትክክለኛው ቦታ ልትርቅ ትችላለች።

ከሁሉ በላይ ግን መሣሪያው "የት ነህ?" ለሚለው ጥያቄ እንጂ "በየት በኩል ማለፍ ይቻላል?" ለሚለው በቂ መልስ የለውም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ እስከ 1 ሺህ 500 ሜትር ቁልቁል የሚወርዱ ገደሎች አሉት። በስልክ ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 2 ኪሎ ሜትር ሆኖ ቢታይ፣ በመካከሉ ገደል ካለ መንገዱ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ጭጋግ በወረደበት ሰዓት ቀስቱን ብቻ ተከትሎ የሚሄድ ሰው የሚጠብቀው አደጋ ግልጽ ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ችግሩ በሌሎች አገሮች በተደጋጋሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ በ2012 መጨረሻ በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ፖሊስ አሽከርካሪዎች በአንድ የስልክ ካርታ ላይ እንዳይመኩ አስጠንቅቆ ነበር። ምክንያቱም ካርታው ሚልዱራ የተባለችውን ከተማ ከትክክለኛ ሥፍራዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል አርቆ፣ ውኃ በሌለበት ብሔራዊ ፓርክ መሐል ያስቀምጣት ስለነበር ነው። በአካባቢው ሙቀቱ እስከ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ካርታውን አምነው የሄዱ አንዳንድ አሽከርካሪዎች ያለ ምግብና ውኃ እስከ 24 ሰዓት ቆይተዋል። ስሕተቱ በኋላ ቢታረምም ትምህርቱ ግን አልተለወጠም።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በዚያው አገር ሦስት ጃፓናውያን ጎብኚዎች መሣሪያው ያሳያቸውን መንገድ ተከትለው ወደ አንዲት ደሴት በመኪና ለመሻገር ሲሞክሩ ባሕር ውስጥ ገብተው መኪናቸውን ትተው ለመውጣት ተገደዋል። መንገድ አለመኖሩን ዓይናቸው ቢያይም እምነታቸው በመሣሪያው ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ በሐምሌ ወር 2021 ደግሞ በስኮትላንድ የሚገኙ የተራራ ወጪዎች ማኅበርና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ 1 ሺህ 345 ሜትር ከፍታ ወዳለው የቤን ኔቪስ ተራራ ለመውጣት በታዋቂ የስልክ ካርታ የተጠቆመው አቅጣጫ ልምድ ላላቸው ሰዎች እንኳ ለሕይወት አስጊ መሆኑን አሳውቀዋል። ካርታው ለጫፉ ቅርብ የሆነውን የመኪና ማቆሚያ መርጦ፣ ከዚያ ወደ ላይ መስመር አስምሮ ነበር። ቅርብ የሆነው ሁሉ መንገድ አለመሆኑን ግን አላወቀም።

በሰሜን ካናዳ በኢግሉሊክ በሚኖሩ የኢኑዊት አዳኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ በ2005 የታተመ ጥናትም ተመሳሳይ ጉዳይ ያነሳል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ነፋስ በበረዶ ላይ የሚሠራውን ቅርጽ እያነበቡ አቅጣጫቸውን ያውቁ ነበር። ጂፒኤስ ሲመጣ በጭጋግ ወቅት ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ቀጥተኛውን መስመር ተከትሎ የሚሄድ ወጣት በሥሱ በረዶ ላይ ሊያልፍ እንደሚችል፣ መሣሪያው ሲበላሽም መመለሻ እንደሚያጣ ተስተውሏል።

ነገሩ ከአንጎል አሠራር ጋርም ግንኙነት አለው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2017 ባወጡት ጥናት፣ 24 ሰዎች በኮምፒዩተር በተዘጋጀ የለንደን ሠፈር ውስጥ መንገድ እንዲፈልጉ ተደርጓል። በራሳቸው ሲፈልጉ ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል አዲስ ጎዳና በገቡ ቁጥር ሥራው ጨምሯል። መሣሪያው የሚነግራቸውን ሲከተሉ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። የሚመራ ሰው መንገዱን ያልፋል እንጂ አይማረውም ማለት ነው።

ብርድና ሙቀት የሚፈትኗቸው ዕቃዎች

የአብዛኞቹ ስልኮች ባትሪ ከሊቲየም የሚሠራ ሲሆን ብርድ ሲያገኘው የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። አንዳንድ አምራቾች ስልካቸው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የአየር ሙቀት ውስጥ እንዲሠራበት ይመክራሉ። በሰሜን ተራሮች እንደ ግጭና ጨነቅ ባሉ ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ በሆኑ የድንኳን ማረፊያዎች ሌሊቱ ከ0 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። በአንጻሩ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዳሎል አካባቢ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ በመሆኑ፣ የቀኑ ሐሩር ስልኩን ራሱን በራሱ እንዲዘጋ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በአገራችን ታዋቂ የጉዞ መዳረሻዎች መሣሪያው የሚፈተነው በጣም በሚፈለግበት ቦታ ነው።

የውኃ ማጣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ውስጣቸው በቀጫጭን ቱቦዎች የተሠራው ማጣሪያዎች አንዴ እርጥብ ሆነው ከቀዘቀዙና በረዶ ከሠሩ ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁም በዓይን አይታይም። ተጓዡ ንጹሕ ውኃ የጠጣ እየመሰለው በሽታ ሊጠጣ ይችላል። ውኃን ማፍላት የሚያውቅ ሰው ግን በማጣሪያው አይወሰንም። ውኃ ሲንተከተክ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ደግሞ ለ3 ደቂቃ ማፍላት ይመከራል። ምክንያቱም ከፍታው ሲጨምር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። በ3 ሺህ 600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከመጽሐፍ የተቀዳ ዘዴም ይፈተሽ

"ችሎታ" ሲባል ከውጭ መጽሐፍና ቪዲዮ የተወሰደ ዘዴ ሁሉ ለአገራችን ይሠራል ማለት አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሚጓዙ ሰዎች "በእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት፤ ጥላም ወደ ሰሜን ያመለክታል" የሚል ትምህርት ይሰጣል። ኢትዮጵያ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ታልፋለች። በሰሜን ተራሮች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትገኘው በስተሰሜን ነው፤ አጭሩ ጥላም ወደ ደቡብ ያመለክታል።

የፓርኩ ዋነኛ ገደል የሚገኘው በስተሰሜን ጠርዝ ነው። በሰኔ ወር ከገደሉ ለመራቅ ወደ ደቡብ መሄድ የፈለገ ተጓዥ የመጽሐፉን መመሪያ ሳይመረምር ቢከተል፣ ከገደሉ የሚርቅ መስሎት ወደዚያው ይጠጋል። በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የማወቂያው ዘዴም ተመሳሳይ ችግር አለበት። በምድር ወገብ አካባቢ አስተማማኝ ካለመሆኑም በላይ፣ ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር የሞላ ሰው በ6 ሰዓት ልዩነት ምክንያት ምሥራቅን ደቡብ ሊል ይችላል።

የሚሻለው ዘዴ ቀላል ነው። ቀጥ ያለ በትር ሜዳ ላይ ተክሎ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ማመልከት፣ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ አዲሱን የጥላ ጫፍ በሌላ ጠጠር ማመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጠጠር በምዕራብ፣ ሁለተኛው በምሥራቅ በኩል ይሆናል። ዘዴው ይበልጥ ትክክል የሚሆነው ወደ እኩለ ቀን ሲቀርብ ነው። ባትሪ የማያስፈልገው ተራ ኮምፓስም በአገራችን ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል፤ ምክንያቱም በማግኔታዊው ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት ከጥቂት ዲግሪ አይበልጥም።

በእጃችን ያለ ሀብት

የደጋው ሕዝብ ብርድን የተቋቋመበት ልብስ ለዛሬው ተጓዥም ትምህርት ይሰጣል። ከጥጥ የተሠራ ጋቢ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይሞቃል፤ ሲርስ ግን ውኃ ይዞ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ከበግ ፀጉር የሚሠራው በርኖስ ግን እርሶም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይጠብቃል። የደጋ እረኞች ከሣር የሚሠሩት ገሳም ዝናብን ከትከሻ ያንሸራትታል። ከዚህ የምንረዳው በብርዳማ ተራራ ላይ ሰውነትን የሚነካው ልብስ ከጥጥ ባይሆን እንደሚመረጥ ነው።

በስንቅ ረገድም በሶ፣ ቆሎና ጭኮ የሚጠቀሱ ናቸው። ሳይበላሹ ይቆያሉ፣ ለመሸከም ይቀላሉ፣ ለመብላትም እሳት አይፈልጉም። ማንደጃው ቢበላሽ በሶ የያዘ ተጓዥ ጥቂት ውኃ ብቻ ይበቃዋል።

በአፋር የሚታወቀው ዳጉ ደግሞ የመረጃ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ አረፍ ብለው ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳዩና እንደሰሙ፣ ውኃና ግጦሽ የት እንዳለ፣ የአካባቢው ሰላም እንዴት እንደሆነ ይነጋገራሉ። የተነገረው መረጃ እውነት መሆን እንዳለበት ማኅበረሰቡ ያምናል፤ የሰማውም ለሌላው የማድረስ ኃላፊነት አለበት። በረሃ ውስጥ ትናንት ውኃ የነበረበት ጉድጓድ ዛሬ መድረቁን ካርታ አይናገርም። ዳጉ ግን ይናገራል።

በሰሜን ተራሮች ጎብኚዎች በአስጎብኚና በስካውት ታጅበው እንዲጓዙ ማድረግ የቆየ አሠራር ነው። አንዳንድ ተጓዦች ይህን እንደ ተጨማሪ ወጪ ሊመለከቱት ይችላሉ። ይሁንና በአካባቢው ተወልዶ ያደገ ስካውት ጭጋጉ ከየት እንደሚነሳ፣ የትኛው ጅረት በክረምት እንደማያሻግር፣ በአስታውና በጅብራው መካከል የሚያልፈው የከብት መንገድ ወዴት እንደሚወጣ ያውቃል። በቦርሳ ከሚያዝ ማናቸውም መሣሪያ ይልቅ የዚህ ሰው ዕውቀት ዋጋ አለው። ተጓዡም ከኋላው መከተል ብቻ ሳይሆን እየጠየቀ መማር ይኖርበታል።

ሰውነት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ

ከጎንደር ተነስቶ በመኪና በአንድ ቀን ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ወደሆነ ሥፍራ መድረስ ይቻላል። ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ በፍጥነት የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የእንቅልፍ እጦት ሊገጥመው ይችላል። የከፍታ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በኋላ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ የሚመከረው ለዚህ ነው። የእጅ ሰዓቱ የኦክሲጅን መጠን ቢያሳይም፣ ውሳኔውን የሚሰጠው ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ሕመሙ ከባሰ፣ ተጓዡ ከተንገዳገደ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገዩ ወደ ታች ማውረድ ዋነኛው ሕክምና ነው።

ብርድም እንዲሁ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል፣ ንግግሩ ይንተባተባል። በዚህ ጊዜ እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ ከነፋስ መከለልና ከመሬት የሚያርቅ ነገር ማንጠፍ ይገባል። በበረሃ ደግሞ የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ሰው ግራ ከተጋባ በጥላ ሥር አስተኝቶ በውኃና በነፋስ ማቀዝቀዝ አስቸኳይ ተግባር ነው። በሁለቱም ሁኔታ ሕመምተኛው ራሱን ማወቅ ስለሚሳነው፣ ምልክቶቹን ሁሉም የቡድኑ አባላት ማወቅ አለባቸው።

መሣሪያም የራሱ ቦታ አለው

ከላይ የተገለጸው ሁሉ መሣሪያ አያስፈልግም የሚል ድምዳሜ ላይ የሚያደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1979 በካናዳ፣ በፈረንሳይ፣ በአሜሪካና በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ስምምነት የተጀመረው ኮስፓስ-ሳርሳት የተባለው የሳተላይት አደጋ ጠቋሚ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ በመስከረም 1982 በካናዳ ከአውሮፕላን አደጋ የተረፉ ሦስት ሰዎችን ለማዳን ካስቻለ ወዲህ የብዙዎችን ሕይወት ታድጓል። እ.ኤ.አ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ አንዳንድ ስልኮችም በሳተላይት የአደጋ ጥሪ ማስተላለፍ ጀምረዋል፤ አገልግሎቱ ግን በተወሰኑ አገሮች ብቻ የሚገኝ ነው። ተጓዡ የያዘው መሣሪያ በሚሄድበት ሥፍራ መሥራቱንና ይዞ ለመግባት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን ከጉዞው በፊት ማጣራት ይጠበቅበታል።

የአደጋ ጥሪ ተላከ ማለት ግን ረዳት ደረሰ ማለት አይደለም። መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ ረዳት ደርሶ ሰው እስኪያወጣ ሰዓታት፣ ምናልባትም ሌሊቱ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ሌሊት ሰውን በሕይወት የሚያቆየው መጠለያ መሥራት፣ ሙቀት መጠበቅና መረጋጋት መቻሉ ነው። መሣሪያው ጥሪውን ያደርሳል፤ ዕውቀቱ ደግሞ ረዳቱ እስኪደርስ ያቆያል።

ከጉዞ በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው

ከዚህ አንጻር ለጉዞ የሚዘጋጅ ግለሰብም ሆነ ቡድን ጥቂት ነገሮችን ልማድ ቢያደርግ ብዙ አደጋ ማስቀረት ይችላል። የሚሄድበትን ሥፍራ፣ አብረውት የሚሄዱትን ሰዎችና የሚመለስበትን ሰዓት ለቤተሰብ ወይም ለወዳጅ በጽሑፍ መተው ቀዳሚው ነው። ቀጥሎም ካርታውን አስቀድሞ በስልክ ማስቀመጥ፣ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ መያዝና አጠቃቀማቸውን በሚያውቁት ሠፈር መለማመድ ይገባል። በብርድ ጊዜ ስልክን ከልብስ ሥር ለሰውነት አቅርቦ መያዝና ኔትወርክ በሌለበት የመቀበያውን አገልግሎት መዝጋት ባትሪውን ይቆጥባል።

የመመለሻ ሰዓትን ቆርጦ ማክበርም ያስፈልጋል። በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ የሚቆየው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከጫፍ ሳይደርሱ እንኳ በሰዓቱ መመለስ ሽንፈት አይደለም። መንገድ መጥፋቱ የታወቀው ተጓዥ ደግሞ ወዲያው መቆም፣ መቀመጥና የመጨረሻውን የሚያውቀውን ምልክት ማስታወስ ይኖርበታል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ከመጥፋቱ ይልቅ ከጠፉ በኋላ በድንጋጤ በሚደረግ ሩጫ ነው። ፉጨት ካለ ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ መንፋት በብዙ አገር የታወቀ የአደጋ ምልክት ነው።

የጉዞ ቡድኖች አስተባባሪዎችም ለአባሎቻቸው የሚይዙትን ዕቃ ዝርዝር ከመስጠት ባሻገር፣ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ስልክ ጠፍቶ የሚደረግ የልምምድ ጉዞ በቅርብ ሥፍራ ቢያዘጋጁ ዝግጅቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ይረዳቸዋል። አቅጣጫውን ያልለየ፣ እሳት ማንደድ ያልቻለ፣ ሲርስ ምን እንደሚለብስ ያላሰበ አባል ጉድለቱ በእንጦጦ ቢታወቅ ይሻላል። በቧሂት ጫፍ ወይም በዳሎል ሜዳ የሚታወቅ ጉድለት ዋጋው ከባድ ነውና። ስለሆነም ተጓዦች ቦርሳቸውን ከመሙላታቸው በፊት ዕውቀታቸውን ሊፈትሹ፣ ያልተሟላውንም ከአካባቢው ነዋሪና ልምድ ካላቸው ሰዎች ሊማሩ ይገባል።